የአባቴ ቮልስ ውሃ ታስገባለች፣ ክረምት ሳይገባ የመስታወትና የበር ጎማዋን እንዴት ላድስ?

ጣና_ዳር_ልጅ፦

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ያለሁት ባህር ዳር ሽምብጥ ነው፣ አባቴ ይነዳት የነበረች 71 ሞዴል (በፈረንጅ 1971) ቮልስ 1300 አለችን። ሞተሯ ጤነኛ ነው ቦዲዋም ብዙ አልተነካካም፣ ያስቸገረችኝ በውሃ ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር ከሹፌሩ እግር ስር ምንጣፉ ይርሳል፣ ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለችው የእቃ ቦታም ትረጥባለች፣ በጋ ደሞ ከአስፋልት ወጥቼ ኮሮኮንች ከያዝኩ አቧራው በበሩ ጥግ እየገባ ዳሽቦርዱ ላይ ይጋገራል። የሹፌሩ በር መስታወት ሲወርድ እሺ ይላል፣ ሲወጣ ግን ግማሽ ላይ ይያዝና በአንድ እጄ እየደገፍኩ በአንድ እጄ እያዞርኩ ነው የምዘጋው።

ጋራዥ ጠየቅኩ፣ አንዱ ዙሪያውን ሲሊኮን እንሙላበትና ያቆማል አለኝ፣ ሌላው ደሞ የለም ጎማውን በሙሉ ነቅለህ ቀይር እንጂ አለኝ። የፊት መስታወቱ ጎማ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፣ ጥግ ጥጉ ላይ ተሰነጣጥቋል። የበሩ ግን አንዳንድ ቦታ ለስላሳ ነው።

አባቴ እድሜው ስለገፋ አሁን አይነዳም ግን በጣም ነው የሚወዳት፣ ስለዚህ ይሄን ክረምት ብቻ ለማለፍ ሳይሆን በደንብ ሆና እንድትቆይ ነው የምፈልገው። የትኛው ነው ልክ? ጎማውስ የት ይገኛል? መስታወት ማውጣትና መግጠሙን ቤት ውስጥ ራሴ ልሰራው እችላለሁ ወይስ ባለሙያ ግድ ነው? ሰኔ ደረሰ እባካችሁ።

ወጣቱ_ሹፌር፦

ወንድሜ የበሩ ጎማ ለስላሳ ከሆነ ቫዝሊን ቀባው ይመለሳል፣ እኛ ሰፈር ሁሉም እንደዛ ነው የሚያደርገው። የፊቱን ግን ቀይር።

ባቲላሜራ_ዓባይ_ማዶ፦

ልጄ ሲሊኮኑን ተወው። ድሮ መኪና ላይ ሲሊኮን ስትሞላ ውሃውን ከለከልኩት ትላለህ እንጅ ከጎማው ስር አስረህ ነው የምታስቀረው፣ የታሰረ ውሃ ደሞ ላሜራ ይበላል። እዚህ ሱቅ በብዛት የሚሸጠው ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ሲደርቅ አሲድ ይለቃል፣ ሽታው እሱ ነው፣ ባዶ ብረት ካገኘ ዝገቱን ራሱ ነው የሚጀምርልህ። በኋላ ላይ ቀለም ላስቀባ ስትልም ሲሊኮን የነካው ቦታ ቀለም አይዝም፣ ነጠብጣብ ነጠብጣብ እየሆነ ይሸሻል፣ ቀለም ቀቢው ይረግምሃል።

ጎማ ከመግዛትህ በፊት ውሃው በየት እንደሚገባ በዓይንህ እይ። ምንጣፉን ሙሉ በሙሉ አውጣው፣ ወለሉን በጨርቅ አድርቀው፣ አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጥ አንተ ከውጭ በውሃ ጎማ ቀስ አድርገህ አፍስስ። ላቫጆ ወስደህ በፕሬዠር እንዳታስመታት፣ ዝናብ በፕሬዠር አይመጣም፣ ደህናውንም ጎማ አልፎ ይገባና ያሳስትሃል። ስታፈስ ከታች ጀምረህ ወደ ላይ ውጣ፣ መጀመሪያ የበሩ ታች፣ ከዛ መስታወቱ በሩ ውስጥ የሚገባበት መስመር፣ ከዛ የፊት መስታወቱ የታችኛው ጠርዝ፣ ጣራው መጨረሻ ነው። ከላይ ከጀመርክ ውሃው ወርዶ ሁሉንም ያረጥብና የቱ እንዳስገባ አይለይልህም። አንድ ቦታ ላይ ጥቂት ደቂቃ ቆይ፣ ውሃ መንገዱን እስኪያገኝ ጊዜ ይፈልጋል።

የበሩን ጎማ ለማወቅ ጠመኔ ይበቃሃል። ጎማውን ዙሪያውን ጠመኔ ቀባው፣ በሩን ዝጋና ክፈት፣ ጠመኔው ፍሬሙ ላይ ያልታተመበት ቦታ ጎማው አይነካም ማለት ነው፣ አቧራህም የሚገባው በዛ ነው። ግን ቸኩለህ ጎማ እንዳትገዛ፣ መጀመሪያ በሩን ከፍተህ ጫፉን ይዘህ ወደ ላይ አንሳው፣ ከተወዛወዘ ማጠፊያው ተበልቷል፣ በሩ ወርዶ ነው የማይገጥመው፣ የፈለከውን አዲስ ጎማ ብትለጥፍበት አይረዳህም።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር፣ በር ውስጥ ውሃ መግባቱ በሽታ አይደለም። ከመስታወቱ ጋር እየወረደ የበሩ ሆድ ውስጥ ይገባል፣ ፋብሪካውም ያውቀዋል፣ ለዛ ነው ከበሩ ታች ቀዳዳ የተተወለት። የኛ አገር አቧራ በበጋ እየገባ ክረምት ሲመጣ ጭቃ ሆኖ ይደፍነዋል፣ አንዳንዱ ደሞ ከስር ሬንጅ ሲቀባ አብሮ ይደፍነዋል፣ ያኔ ውሃው በሩ ውስጥ ይቆምና ላሜራውን ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። በሽቦ ጥረገው። ከበሩ የውስጥ ሽፋን ጀርባ ደሞ ላስቲክ መኖር አለበት፣ ውሃውን ከሽፋኑ ለይቶ ወደ በሩ የሚመልሰው እሱ ነው። ታፒሴሪያ በታደሰ ቁጥር ያንን ላስቲክ ቀደው ይጥሉታል፣ ምን እንደሚሰራ አያውቁትማ። ያንተ ምንጣፍ የሚርሰው ከዚህ ይመስለኛል፣ ሽፋኑን ፍታና እይ።

ቫዝሊን ላልከው ልጅ ደሞ፣ ቫዝሊን ከነዳጅ ነው የሚወጣው፣ ጎማ አይወደውም። የዛሬ ጊዜ የመኪና በር ጎማ አብዛኛው ኢፒዲኤም የሚሉት ሰው ሰራሽ ጎማ ነው፣ ቤንዚን ግሪስ ዘይት ቫዝሊን ሲነካው ያብጥና ይልፈሰፈሳል፣ ቅርጹን ያጣል። የድሮው ጎማም ቢሆን አይስማማውም።

ወጣቱ_ሹፌር፦

እሺ ጋሼ፣ ታድያ ምን ይቀባ? ጎማው ለስላሳ ከሆነ ዝም ብሎ መጣልም ያሳዝናል እኮ

ቮልስ_ወዳጅ_ፋሲሎ፦

ግሊሰሪን ቀባው፣ ከፋርማሲ የምንገዛውን ለእጅና ለፊት የምንቀባውን ማለቴ ነው። ጎማውን መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ አጥቦ ማድረቅ ከዛ በጨርቅ ስስ አርጎ ማሸት ነው። እኔ የቮልሴን የበር ጎማ በዚህ ነው የያዝኩት፣ እዚህ ከፍታ ላይ ፀሐዩ ጎማ ነው የሚፈጀው፣ ጥላ ስር የምትቆም መኪናና ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የምትቆም መኪና ጎማቸው በጣም ይለያያል። ግን ግሊሰሪን የሞተ ጎማ አያስነሳም። ለማወቅ ጎማውን በጣትህ እጠፈው፣ እጥፋቱ ላይ ጥቃቅን ስንጥቅ ከታየ አልቋል፣ አለቀ።

ጣና_ዳር_ልጅ ላንተ ደሞ ስለኋላው ልንገርህ ማንም አላነሳልህም። ከኋላ ወንበር ጀርባ የሚቆመው ውሃ ከኋላ መስታወቱ የታችኛው ጥግ ነው የሚመጣው ብዬ እገምታለሁ፣ የኋላውን ጎማ ሰው አይቶት አያውቅም፣ የፊቱን ብቻ ነው የሚያየው። የቮልስ ባትሪ ደሞ ያለው ከኋላ ወንበር ስር በቀኝ በኩል ነው፣ ውሃው ከዛ ወርዶ ባትሪው የተቀመጠበትን ወለል ይበሳዋል። ወንበሩን አንሳና እየው ዛሬውኑ። እግረ መንገድህን የባትሪው ክዳን መኖሩን እይ፣ ከሌለ የወንበሩ ሞላ የባትሪውን ጫፍ ይነካና እሳት ሊነሳ ይችላል፣ ይሄ የቮልስ የታወቀ አደጋ ነው፣ በተለይ ከኋላ ከበድ ያለ ሰው ሲቀመጥ። ክዳን ካጣህ ወፍራም ጎማ ቆርጠህ ሸፍነው፣ ዝም ብለህ እንዳታልፈው እባክህ።

ከፊት መስታወቱ በታች የአየር ማስገቢያ ወንፊት ካላትም ከሱ ስር ውሃውን የምታወጣ የጎማ ቱቦ አለች፣ እሷ ስትበጠስ ውሃው ከፊት እቃ መጫኛው ውስጥ ይወርዳል፣ ሰው ግን ከመስታወት ነው ይላል።

ጣና_ዳር_ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጋሼ እንዳልከኝ የሹፌሩን በር ሽፋን ፈታሁት፣ ላስቲክ የሚባል ነገር የለም፣ ሽፋኑ ራሱ ከታች በስብሶ ካርቶኑ እየተላጠ ነው። የበሩ ታች ቀዳዳዎች በጭቃ ተደፍነዋል፣ በሽቦ ስነካቸው ቡናማ ውሃ ወጣ ብዙ ነው። ዝገት አለ ግን ገና አልበሳም። ከኋላ ወንበር ስርም አየሁ፣ ባትሪው ስር ያለው ብረት በዝገት ተላጧል በጣት ስጫነው ግን ይጠነክራል፣ ክዳን የላትም፣ ለጊዜው ጎማ አልብሼዋለሁ።

ላስቲኩን ምን ዓይነት ልግዛ? እንዴትስ ነው የሚለጠፈው? መስታወቱ ለምን እንደሚይዝም ሳልዘጋው ልይ ብዬ ነው፣ በሩ አሁን ክፍት ነው።

ባቲላሜራ_ዓባይ_ማዶ፦

ጎበዝ፣ በጊዜ ደርሰህላታል። መጀመሪያ በሩን ሁለት ሶስት ቀን ሽፋኑን ሳትመልስ ተወው ይድረቅ፣ ከዛ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ፋቀው፣ ዝገት መከላከያ ቀባበት። ላስቲክ ወፍራሙን በሜትር የሚሸጠውን ግዛ፣ ፌስታል እንዳይሆን። የድሮውን ሽፋን አስቀምጠህበት ቅረጸው ለእጀታዎቹ ብቻ ቀዳዳ አውጣለት። ላዩንና ጎንና ጎኑን በኮላ ለጥፈው፣ የታችኛውን ጫፍ ግን እንዳትለጥፈው፣ በሩ ላይ ባሉት ክፍተቶች ወደ ውስጥ አስገባው፣ ውሃው በላስቲኩ ላይ ወርዶ ተመልሶ በሩ ሆድ ውስጥ እንዲገባና በቀዳዳው እንዲወጣ። ታችኛውን ውጭ ላይ ካስቀረኸው ውሃውን እየቀዳ ምንጣፍህ ላይ ያፈሰዋል።

መስታወት_ቤት_ቀበሌ14፦

ስለሚይዘው መስታወት እኔ ልመልስ። መስታወቱ ግራና ቀኝ የሚንሸራተትበት ውስጡ ከፈይ ያለው ቦይ አለ፣ ከፈዩ አልቆ ብረቱ ብቻ ሲቀር መስታወቱን ይነክሰዋል። ባንተ መኪና የፊተኛው ቦይ ያቺን ባለ ሶስት ማዕዘን ትንሿን መስታወት የያዘው ቋሚ ብረት ነው፣ ከታች የታሰረበት ቡሎን ከላላ ቋሚው ያዘነብላል፣ መስታወቱ ታች ላይ ሰፊ መንገድ ያገኝና ወደ ላይ ሲመጣ ይጣበቅበታል። ግማሽ ላይ ነው የሚይዘው ያልከው ከዚህ ጋር ይሄዳል። ቡሎኑን አላላው፣ መስታወቱን ወደ ላይ ሙሉ በሙሉ አውጣው፣ ቋሚው በመስታወቱ ልክ ይስተካከል፣ እዛው ላይ እሰረው። ቦዩ ውስጥ ግሪስ እንዳታደርግ አቧራ ይሰበስባል፣ ሲሊኮን ስፕሬይ ትንሽ ንፋበት (ስፕሬዩ ከዛ ከሚሞላው ሲሊኮን ሌላ ነው)። ግሪስ ለማንሻው ብረት ብቻ ነው።

መስታወቱ ከታች የቆመበትን ብረትም እይ፣ መስታወቱን በጎማ ነው የሚይዘው፣ እሱ ሲዝግ ያብጥና ወይ መስታወቱን ይሰነጥቃል ወይ ይለቀዋል። በመስታወቱ ውጭና ውስጥ በሩ አፍ ላይ ያሉትን መጥረጊያ ጎማዎችም አብረህ ቀይር፣ የበሩ ሆድ ውስጥ የሚገባውን ውሃ የሚቀንሱት እነሱ ናቸው፣ ርካሽ ናቸው ግን ሁሉም ይረሳቸዋል።

የፊትና የኋላ መስታወት መግጠም ቤት ውስጥ ይቻላል ግን ሁለት ሰው ግድ ነው። አሮጌውን ስታወጣ መስታወቱን ከውስጥ በእግር ገፍቶ ማውጣት የሚባለውን እርሳው፣ ጎማው እንደሆነ ሞቷል፣ ከውጭ ያለውን ከንፈሩን በስለት ቆርጠህ አንሳውና መስታወቱ በቀላሉ ይወጣል። ከዛ የሚቀረው ብረቱ ነው፣ ጎማው የሚቀመጥበት ጠርዝ ዙሪያውን ካልተጸዳ ምንም አዲስ ጎማ ብታመጣ ያስገባል። በተለይ የታችኞቹ ሁለት ጥጎች። ቀዳዳ ካገኘህ ለጋሼ አሳየው ይበየድ፣ በስቱኮ እንዳትሞላው ስቱኮ ውሃ ይጠጣል።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። አዲሱን ጎማ ፀሐይ ላይ አስቀምጠው ይለስልስ፣ መስታወቱ ላይ ዙሪያውን አልብሰው፣ መገጣጠሚያው ወደ ታች ይሁን። ዙሪያውን የምትዞረዋ ነጭ የአሉሚኒየም ጌጥ ካለችው መኪናው ላይ ሳትገጥመው በፊት አሁኑኑ አስገባት፣ በኋላ አትገባም ትጣመማለች። ከዛ ብረቱን በሚይዘው ቦይ ውስጥ ጠንካራ ሲባጎ ዙሪያውን አስገባ፣ ሁለቱ ጫፎች ታች መሃል ላይ ትንሽ ተደራርበው ወደ ውስጥ ይንጠልጠሉ። ጠርዙንና ጎማውን የእቃ ማጠቢያ ሳሙና በውሃ አርገህ ቀባው፣ መስታወቱን ከውጭ አስጠጋው ታችኛውን መጀመሪያ አስቀምጥ። ውጭ ያለው ሰው በመዳፉ ይጫናል ውስጥ ያለው ሲባጎውን ቀስ እያለ ወደ መሃል ይስባል፣ ሲባጎው ሲወጣ የጎማውን ከንፈር ብረቱን አስዘልሎ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። የሚጫነው ሰው ልክ ሲባጎው የሚወጣበት ቦታ ላይ ነው መጫን ያለበት ሌላ ቦታ አይደለም። ከያዘ አታስገድደው፣ ሳሙና ጨምርና ትንሽ ተመለስ። በቡጢ የመታ ሰው መስታወት ይገዛል።

ሶማሌ_ተራ_አዲስ፦

ጎማውን በተመለከተ፣ እዛው ባህር ዳር በሜትር የሚሸጥ የበር ጎማ ታገኛለህ፣ ለፊት እቃ መጫኛው ክዳን ሊሆንህ ይችላል፣ ለፊትና ለኋላ መስታወት ግን እንዳትሞክረው። የመስታወት ጎማ በአንድ በኩል የመስታወቱን ውፍረት በሌላ በኩል የብረቱን ውፍረት ልክ መያዝ አለበት፣ ትንሽ ከሰፋ ያስገባል ከጠበበ አይገባም። ለቮልስ ተብሎ የተሰራውን ነው የምትገዛው፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ጠይቅ፣ ወይ ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለህ አስመጣ። ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ስትመረት ነበር፣ ጎማዋ እስካሁን ይሰራል፣ አይጠፋም።

ስትገዛ ግን ሞዴሉን እወቅ ዝም ብለህ የቮልስ ስጠኝ እንዳትል። የቮልስ መስታወቶች በ65 ሞዴል ላይ ሰፍተዋል፣ ከዛ በፊት ያለው ላንተ አይሆንም። የኋላው ደሞ 72 ሞዴል ላይ እንደገና ወደ ላይ ከፍ ብሏል፣ ያንተ 71 ስለሆነች የኋላ ጎማህ ከ65 እስከ 71 የሚለው ነው፣ የ72ቱን ከሰጡህ ይረዝምብሃል። 1303 የምትባለው የቮልስ ዓይነት የፊት መስታወቷ ጎበጥ ያለ ነው፣ የሷም አይገጥምም። ሌላው ጎማው የአሉሚኒየም ጌጥ ማስገቢያ ቦይ ያለውና የሌለው አለ፣ ያንተ ጌጥ ካላት ቦይ ያለውን ያዝ። አሮጌውን ጎማ እንዳትጥለው፣ አንድ ስንዝር ቆርጠህ ከነቅርጹ ላክ ወይ ይዘህ ሂድ፣ ከፎቶ ይበልጣል።

ቮልስ_ወዳጅ_ፋሲሎ፦

የበሩን ስትለጥፍ ደሞ አትሳበው! ጎማው እየተሳበ ከተለጠፈ በኋላ ይሰበሰብና ጥግ ጥጉ ላይ ይለቃል። ጥጎቹን መጀመሪያ አስቀምጥ ከዛ መሃሉን እየገፋህ ሙላው። አዲስ ሲሆን በሩ አልዘጋ ይልሃል፣ ቮልስ በር ሲዘጋ አየር ቶሎ አታስወጣም፣ መስታወቱን ትንሽ ዝቅ አርገህ ዝጋው እስኪለምድ። በኃይል እየወረወርክ ማጠፊያውን አትጉዳ።

ጣና_ዳር_ልጅ፦

ሁላችሁም ተባረኩ፣ ለአባቴ ሁሉንም አነበብኩለት ጌጧ ኦርጅናል ናት እንዳትጠፋ ብሎኛል። አሮጌው ጎማ እንዳለ አለ ቆርጬ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ እልካለሁ። ጋሼ አንድ ጥያቄ ብቻ፣ የመስታወቱን ጠርዝ ፍቄ ቀለም ከቀባሁ ስንት ጊዜ ልቆይ? ጎማው እስኪመጣ መኪናዋ ያለ መስታወት ልትቆም ነው።

ባቲላሜራ_ዓባይ_ማዶ፦

ጎማው እጅህ ሳይገባ መስታወቱን አታውጣ። እስከዛ በሩን ጨርስ፣ የባትሪውን ወለል ፍቀህ ቀባ፣ ማጠፊያውን አስተካክል፣ ስራ አለህ። ጎማው ሲመጣ ነው መስታወቱን የምታወጣው፣ ያኔም ጠርዙ ላይ የቀባኸው ቀለም እጅ ስላልያዘ ብቻ ደርቋል እንዳትል፣ ጥፍርህን ስትጫንበት ምልክት የማይዝ እስኪሆን ጠብቅ፣ ሳምንት ቢሆን ጥሩ ነው። ለጋ ቀለም ላይ ጎማ ካስቀመጥክ ይጣበቅና ሲባጎውን ስትስብ ቀለሙን ገፎ ባዶ ብረት ይተውልሃል፣ ከጎማው ስር ስለሆነም አታየውም። የመስታወቱን ቦታ ላስቲክ አልብሰህ ቤት ውስጥ አቁማት እንጅ በሸራ ጠቅልለህ ደጅ አታሳድራት፣ የሐይቁ እርጥበት ከሸራው ስር ይሰበሰባል። ጎማው እንደመጣ ጻፍልኝ፣ ጠርዙን ሳትቀባው ልየው፣ የሚበየድ ካለ እዛው እንበይደዋለን።